የባለ ጃንጥላዋ አራተኛ ክፍል

ሠላሳ ዓመት ሳይሞላኝ ጡረታ ወጣሁ ብል የሚስቅብኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ፤ ግን ሌላ ቃል አላገኘሁለትም። ስምንት ዓመት የሠራሁት ሥራ ከእኔ በፊት አለቀ። ዛሬ እዚሁ ካርቱም፣ ሱቅ ዐረቢ በሚሉት ገበያ ውስጥ የስልክ ሽፋንና ቻርጀር እሸጣለሁ። ከደንበኞቼ አንዳንዶቹ የድሮዎቹ ናቸው። ስልካቸው ላይ መጽሐፍ እያነበቡ መጥተው፣ ቻርጀር ገዝተው፣ እያነበቡ ይሄዳሉ። ቅር አይለኝም። የት ምዕራፍ እንደደረሱ አንገቴን አስግጌ ማየት ግን አልተውኩም።

ሥራዬ ለካርቱም ሐበሻ የአማርኛ መጽሐፍ መጠረዝና ማከራየት ነበር። የጀመርኩት ሱዳን ለሁለት በተከፈለችበት ዓመት፣ ከመተማ በኩል እንደገባሁ ነው። ትምህርቴን ያቋረጥኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው። ከዚያ በኋላ የተማርኩትን ሁሉ የተማርኩት የምሰፋውን እያነበብኩ ነው።

ዱካኑ፣ ማለት ሱቃችን፣ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ፣ በአንድ ፎቅ ደረጃ ሥር ነበር። እጆቼን ስዘረጋ ሁለቱንም ግድግዳ እነካ ነበር። ከፊት ፎቶ ኮፒ ማሽንና ደብተር፣ ከመጋረጃው በስተኋላ መጻሕፍቱ። ፈቃዱ የወጣው በፎቶ ኮፒው ስም ነው። ስለ ንግድ ፈቃድና ስለ ኢቃማ፣ ስለ መኖሪያ ወረቀቱ፣ ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ እዚህ የኖረ ያውቀዋል፣ ላልኖረ ደግሞ ወሬው አያልቅለትም። ደመወዙ ለአንድ ሰው ይበቃ ነበር።

ባለቤቱ ጋሽ ደጀኔ ይባላሉ። ካርቱም የገቡት እኔ ሳልወለድ ነው። መጀመሪያ በአንድ የሱዳኖች ማተሚያ ቤት ጠራዥ ነበሩ፤ እጃቸው መጠረዙን ያወቀው እዚያ ነው። አሁን አገራቸው ገብተው ጎንደር ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ዱካኑን የዘጋነው እሳቸው የሄዱ ጊዜ ነው።

መጽሐፍ ሲገባ መጀመሪያ የሚያደርጉት፣ መጽሐፍ የሚወድ ሰው ሲያየው የሚደነግጥበትን ነገር ነበር። ይቆርጡታል። አንዱን መጽሐፍ ሦስት ወይ አራት ቦታ ከፍለው፣ እያንዳንዱን ክፍል ለብቻው ይጠርዙታል። እኔም መጀመሪያ ያየሁ ቀን በግ የሚታረድ ያህል ዘገነነኝ።

ምክንያቱ ደንበኞቻችን ናቸው። አብዛኞቹ በሰው ቤት የሚሠሩ ሴቶች ነበሩ። ወፍራም መጽሐፍ ይዛ የታየች ሠራተኛ ሥራ የፈታች ትመስላለች። ሰማንያ ገጽ ግን ከዱቄቱ ጣሳ ጀርባ ይገባል፣ በሻርፕ እጥፋት ውስጥ ይያዛል፣ ልብስ ለማስጣት ጣሪያ ሲወጣ አብሮ ይወጣል። ደግሞም መጽሐፍ እንደ ልብ አይገኝም። በአራት የተከፈለ አንድ መጽሐፍ በአንድ ሳምንት አራት ሴት ያነብበዋል፤ አንዷ ሁለተኛውን ስትጨርስ ሌላዋ አንደኛውን ጨርሳ ትጠብቃታለች። ዓርብ ዓርብ ዱካኑ በር ላይ ክፍል ሲለዋወጡ፣ "እንዳትነግሪኝ! እንዳትነግሪኝ!" የሚል ጩኸት ነበር የምንሰማው።

ከአገር ቤት የሚመጣው መጽሐፍ ብዙውን ጊዜ በሙጫ ብቻ የተያዘ ነው። የካርቱም ሙቀት በሁለት ወር ውስጥ ሙጫውን ያደርቀውና ገጹ ይረግፋል። ስለዚህ በወስፌ እየበሳን፣ በሰም በታሸ ክር እንሰፋው ነበር። ለጀርባው ደሙር የሚባለውን የሱዳን ሸካራ ጥጥ ጨርቅ እንለጥፋለን። ሙጫችን ከኦምዱርማን ገበያ የምንገዛው የግራር ሙጫ ነው። ብቻውን ሲደርቅ እንደ መስታወት ይሰነጠቃል፤ ጋሽ ደጀኔ ከፋርማሲ ግሊሰሪን ገዝተው ጥቂት ጠብታ ይጨምሩበታል። የሚያሟሙት የኒም ቅጠል በተቀቀለበት ውሃ ነው፤ ምስጥ መራራ አይወድም። ስንት ጠብታ እንደሆነ ለማወቅ አንድ ዓመት ፈጀብኝ፤ እሳቸው ቆጥረው አያውቁም፣ ጣታቸውን ነክረው አጣብቀው አላቀው ነው የሚያውቁት።

ሽፋኑ በካርቶን ስለሚተካ የመጽሐፉ ርዕስ ከሰው አፍ ይጠፋል። ሰው ሁሉ በራሱ ስም ይጠራዋል። ባለ ባቡሩ፣ ባለ ወፍጮው፣ ባለ ጃንጥላዋ። እኔም እዚህ በዚያው ስማቸው እጠራቸዋለሁ።

ጋሽ ደጀኔ ማንንም ምን ዓይነት መጽሐፍ ትወዳለህ ብለው ጠይቀው አያውቁም። ሰው የሚወደውን ሲጠየቅ የሰማውን ነው የሚናገር ይሉ ነበር። የእሳቸው ጥያቄ ሦስት ነው። የት ታነባለህ? እያነበብክ ስንት ጊዜ ለሥራ ትጠራለህ? ካነበብክ በኋላ ምን ሥራ ይጠብቅሃል? ይህችን የመጨረሻዋን ትንሽ የምትመስል ጥያቄ በጣም ያከብሯት ነበር። አንብባ ስትነሳ ለሃያ እንግዳ የምታበስል ሴት የሚያስለቅስ አይሰጣትም።

አንድ የኦምዱርማን የጭነት መኪና ሾፌር የመጣ ቀን ትዝ ይለኛል።

"ያ ጋሼ፣ የፍቅር ነገር የለም?"

"የት ነው የምታነበው?"

"ነዳጅ ወረፋ ላይ።"

"ስንት ሰዓት ትቆማለህ?"

"አላህ ነው የሚያውቀው። ትናንት አራት ሰዓት።"

"እንግዲያው ፍቅር አያደርስህም" አሉና ባለ ባቡሩን ሰጡት። በአንዲት ትንሽ ጣቢያ የማይመጣ ባቡር እየጠበቁ ስለሚያረጁ ሦስት ወንድማማቾች ነው። ገና ምንም ሳይሆን መቶ ገጽ ያልፋል። ቤቱ ቁጭ ብሎ የሚያነብ ሰው ይሰለቸዋል። ሾፌሩ በሳምንቱ ሲመለስ ተናድዶ ነበር።

"ጋሼ፣ በአላህ ይሁንብዎ! ተራዬ ደርሶ ከኋላዬ ያለው ሁሉ ክላክስ ይነፋል፣ እኔ የወንድማማቾቹ ታላቅ ሻንጣውን ከፈተ አልከፈተ እያልኩ ነው። ሊደበድቡኝ ነበር።"

"ከፈተ?"

"ምን ይከፍታል! ሁለተኛውን ስጡኝ፣ ያላ።"

እናንተም ወረፋ የሚበዛበት ከተማ ካላችሁ ባለ ባቡሩን ያዙ።

ባለ ወፍጮውን የምመክረው ብቻውን ለሚበላ ሰው ነው። ቀጭን ነው፤ እኛም በሁለት ብቻ ነው የከፈልነው። ቀኑን ሙሉ በወፍጮ ጩኸት ውስጥ ስለሚሠራና ቤቱ ገብቶ ጮክ ብሎ ስለሚያወራ ሰው ነው፤ ሚስቱ የተቆጣ እየመሰላት ስትፈራው ትኖራለች። ደራሲውን አግኝቻቸዋለሁ። ዘመድ ሊጠይቁ ካርቱም መጥተው ሰው ዱካናችን ድረስ አመጣልን። እኔ ሰው ፊት አፌ አይፈታም፤ ስለዚህ ጥያቄዬን በወረቀት ጽፌ ነበር የጠበቅኳቸው።

"በሁለተኛው ምዕራፍ የወፍጮው ቀበቶ ከበሩ በስተግራ ነው" አልኳቸው፤ "በዘጠነኛው ምዕራፍ ግን የሰውዬውን እጅ ሲይዘው በስተቀኝ ሆኗል። ወፍጮውን አዙረውት ነው?"

ትንሽ አዩኝ። "አንተ ማነህ?"

"ጠራዥ ነኝ።"

"አርታዒዬ ይህን አላየም እኮ!"

"አርታዒው በወስፌ አልበሳውማ" አሉ ጋሽ ደጀኔ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ሆነው።

ደራሲው ከልባቸው ሳቁና ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው በእርሳስ አረሙት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ደራሲዎች የማወቅ ፍላጎቴ ጨመረ። መጽሐፉ ከእጃቸው ከወጣ በኋላ የት እንደሚሄድ የማያውቁ ሰዎች ናቸው። እኛ ደግሞ ከዚያ በፊት የት እንደነበረ አናውቅም። ሁለቱ የሚገናኙበት ቀን ጥቂት ነው። አንዱን ቀን ለመጻፍ ነው እስካሁን የዘገየሁት፤ እሱን ለመጻፍ ደግሞ መጀመሪያ ጥፋቴን መጻፍ አለብኝ።

የጋሽ ደጀኔ ትልቁ ሕግ ይህ ነበር፦ የመጨረሻውን ክፍል ያላነበብከውን መጽሐፍ ለሰው አታውጣ። ራሳቸው አንብበው ሲጨርሱ በመጨረሻው ክፍል የጀርባ ሽፋን ላይ በእርሳስ፣ በደቃቅ ጽሕፈት፣ ለማን እንደማይሰጥ ይጽፉበታል። "ለነፍሰ ጡር አይሆንም።" "ከወንድሙ ለተጣላ አይሰጥ።" ለማን እንደሚሰጥ ጽፈው አያውቁም።

አንድ ማክሰኞ እሳቸው ወባ ይዟቸው ቤታቸው ተኝተው ሳለ እትዬ ፋጡማ መጣች። ኦምዱርማን ሻይ የምትሸጥ፣ ከወሎ የመጣች፣ እድሜዋ ገፋ ያለ ሴት ናት። የእህቷ ልጅ ዘሀራ አርካዊት ሰፈር በአንድ ቤት ትሠራ ነበር፤ ከደንበኞቻችን ሁሉ ፈጣን አንባቢ እሷ ነበረች።

"ጋሽ ደጀኔ የሉም?"

"ወባ ይዟቸዋል፣ እትዬ ፋጡማ።"

"አላህ አፍያ ይስጣቸው።" ዙሪያውን አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "የዘሀራ እናት አርፋለች። አሥር ቀኗ። ልጅቱ አልሰማችም። ዓርብ እረፍቷ ነው፤ እኔ ቤት ሰው ተሰብስቦ መርዶውን ያረዳታል። በሰው ቤት፣ ብቻዋን፣ የሚይዛት ሳይኖር እንዳትሰማ ነው ሐሳባችን። እስከዚያ ስልክ ስልክ እንዳትል ልቧን የሚይዝ መጽሐፍ ፈልግላት። የሚያስቅ ይሁን።"

"እኔው አደርስላታለሁ" አልኩ።

የሚያስቅ ሲባል ወዲያው የመጣልኝ ባለ ጃንጥላዋ ናት። ዝናብ በማይዘንብበት የባዕድ ከተማ ውስጥ ሥራ ገብታ፣ ከአገሯ ያመጣችውን ጃንጥላ ከእጇ ስለማትለይ ሴት ነው። ጃንጥላው አውቶቡስ ውስጥ የሰው ቆብ ያወልቃል፣ ከአሠሪዋ ያጣላታል፣ ፖሊስ ጣቢያ ያስገባታል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ክፍሎች ሦስት ጊዜ አንብቤያቸዋለሁ፤ ሁልጊዜም ያስቁኛል። አራተኛውን አላነበብኩትም ነበር። ዱካን ውስጥ አይገኝም፤ የወሰደችው ሴት ሁሉ ሳምንት ያለችውን ወር ታቆየዋለች። የቀበቶ ግራና ቀኝ የምቆጥር ሰው፣ ያንን ክፍል ለምን እንደሚያቆዩት አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩም። በዚያ ሳምንት ግን ተመልሶ ነበር። ከሦስቱ ተነስቼ አራተኛውን ገመትኩት። አራቱንም ደራርቤ በሲባጎ አሰርኩና ወደ አርካዊት በሃፍላ፣ በከተማው አውቶቡስ፣ ተሳፈርኩ።

በሩን ሳንኳኳ የከፈተችልኝ ራሷ ዘሀራ ነበረች፤ እጇ አረፋ ነበር።

"ወንድምዓለም! ምነው በሥራ ቀን? ጋሽ ደጀኔ ደህና አይደሉም እንዴ?"

"ደህና ናቸው። አራቱም ክፍል አንድ ላይ ስለተገኘ ላንቺ ላድርስ ብዬ ነው።"

"አራቱም? ወላሂ?" እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተቀበለችኝ። "ያስቃል?"

"ያስቃል።"

"ሰሞኑን መሳቅ ነው ያማረኝ። እናቴን በስልክ ላገኛት አልቻልኩም። አንዴ ዘመድ ልትጠይቅ ሄደች ይሉኛል፣ አንዴ ዱአ ላይ ናት። በእርጅናዋ እግር አወጣች! ወንድሜ ሰይድ እንኳ የዓይን ጠብታዋን አሁን አትላኪ አለኝ። ተሻላት መሰለኝ፣ አልሐምዱሊላህ።"

"ተሽሏት ነው" አልኩ። ስናገር ዓይኔን ሲባጎው ላይ አድርጌ ነበር።

"ዘሀራ! ወይኒክ?" ብላ ማዳሟ የት እንዳለች ከውስጥ ጠየቀች። "ጃያ!" መጣሁ ብላ መልሳ፣ መጽሐፉን በሻርፗ ውስጥ ሸሽጋ ገባች።

ሐሙስ ጠዋት ጋሽ ደጀኔ ፊታቸው ገርጥቶ፣ ከነጋቢያቸው መጡ። የሆነውን ነገርኳቸው። ጥሩ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

"የትኛውን ሰጠሃት?"

"ባለ ጃንጥላዋን።"

ክር እያሹ ነበር፤ እጃቸው ቆመ። "አራተኛውን አንብበኸዋል?"

"አላነበብኩም።"

"ጀርባውን አላየህም?"

"አስሬው ነበር። አላየሁም።"

ወንበሩን ስበው ተቀመጡና ቀስ ብለው ነገሩኝ። በአራተኛው ክፍል ባለ ጃንጥላዋ አገር ቤት ትደውላለች። እናቷን አገናኙኝ ትላለች። ዛሬ ጠበል ሄደች ይሏታል፣ በሌላ ቀን ሰርግ ሄደች ይሏታል። ከዚያ በየወሩ የምትልከውን የደም ግፊት ክኒን አሁን ይቆይ ይሏታል። አንድ ቀን አውቶቡስ ስትጠብቅ፣ ክኒን የማያስፈልጋት እናት ምን ዓይነት እናት እንደሆነች ይገባታል። የነገራት የለም፤ ራሷ ነው የደረሰችበት። ጃንጥላውን ዘርግታ ከሥሩ ታለቅሳለች። ሴቶቹ ክፍሉን የሚያቆዩት ደጋግመው እያነበቡት ነው።

"ጀርባው ላይ ምን ጽፈውበታል?"

"ከቤት ድምፅ ለምትጠብቅ አይሰጥ" አሉ።

አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻል ነበር። "ሂድ" ብቻ አሉኝ።

ያን ቀን አቧራ ነበር፤ መኪናው ሁሉ መብራት አብርቶ ይሄዳል። አርካዊት እስክደርስ በሃፍላው መስኮት የማየው ነገር አልነበረኝም፤ ሐሳቤ አንድ ነበር። የት ደርሳ ይሆን? ሦስተኛው ላይ ከሆነች ተርፈናል። ነገ አክስቷ ቤት፣ በሰው መካከል፣ እንደ ወጉ ትሰማለች። አራተኛውን ከከፈተች ግን ብቻዋን፣ በሰው ጣሪያ ላይ፣ ከወረቀት ትሰማለች። ያንንም የሰጠኋት እኔ ነኝ።

ዘሀራ ከጣሪያ ወረደች፤ የልብስ መቆንጠጫ በእጇ ይዛለች። ፊቷን በሻርፕ ከአቧራው ሸፍናለች።

"መጽሐፉን ፈልጌ ነበር" አልኳት። "የምትጠብቅ ሴት አለች።"

"ሦስቱን ውሰድ፣ ጨርሻቸዋለሁ።" ገብታ አምጥታ ሰጠችኝ።

"የት ደረስሽ?"

"ጃንጥላዋን ፖሊስ ጣቢያ ረስታ ወጥታ፣ እሱን ብላ ተመልሳ ገባች። ምን ዓይነት ሴት ናት በአላህ!" ሳቀች።

ያ የሦስተኛው ክፍል መጨረሻ ነው። ተርፈናል አልኩ። "አራተኛውንም ስጪኝ።"

"አልሰጥህም። እሷ ሰው ናት፣ እኔስ? ገና አልከፈትኩትም።"

"ዘሀራ፣ እባክሽ።"

"ከአክስቴ ቤት ስመለስ አመጣልሃለሁ፣ ኢንሻላህ። ሂድ አሁን፣ ማዳሟ ታየኛለች።" በሩን ዘጋችው።

ሳቋን ይዤ ተመለስኩ። ለጋሽ ደጀኔም አልደረሰችበትም አልኳቸው። ክር ማሸታቸውን ቀጠሉ።

ዓርብ ሁለታችንም እትዬ ፋጡማ ቤት ሄድን። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ነበር፤ ሴቶቹ ከዘሀራ ግራና ቀኝ ሆነው እንዳትወድቅ ተዘጋጅተዋል። አንዱ አዛውንት ሸህ ስለ ዱንያ አላፊነት ጥቂት ተናገሩ፣ መሃል ላይ ቃል ጠፋባቸው፣ እንደገና ጀመሩ። ሲነገራት ጮኸች፤ ያዟት፤ እንደ ወጉ ሆነ። ጥግ ቆሜ፣ ሐዘኗ እያሳዘነኝ፣ በሆዴ ግን ተመስገን አልኩ። ከሰው አፍ ሰማች አልኩ።

ከሁለት ወር በኋላ ዘሀራ ዱካኑ መጣች። ከስታለች። አራተኛውን ክፍል ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ላይ አስቀመጠችው።

"ረቡዕ ነው የጨረስኩት" አለችኝ።

ወዲያው አልገባኝም። "የትኛው ረቡዕ?"

"አንተ ሐሙስ ከመምጣትህ በፊት ያለው። ጣሪያ ላይ ነበርኩ። የክኒኑ ቦታ ስደርስ የዓይን ጠብታው መጣብኝ። ጨረስኩና ጀርባውን ገለበጥኩት፤ የጋሽ ደጀኔን ጽሕፈት አነበብኩ። ሐሙስ አንተ በሩ ላይ ስትቆም ፊትህን አየሁትና ጥርጣሬዬን ጨረስኩ።"

"ሳቅሽ እኮ!"

"ታዲያ ምን ላድርግ? ሁላችሁም ስትደክሙ ነበር። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ለብሰው በዚያ ሙቀት መጥተው፣ አውቄዋለሁ ብላቸው አያፍሩም? ሸሁ መሃል ላይ ሲጠፋባቸው ልነግራቸው ምንም አልቀረኝም።" ፈገግ ልትል ጀምራ ተወችው። "ሁለት ቀን ብቻዬን ያዝኩት፣ ወንድምዓለም። ድስት እያጠብኩ። ያንን ነው የማልረሳልህ።"

ይቅርታ ጠየቅኳት። "ጥፋትህ ጥፋት ነው" አለች። "ገና ይቅር አልኩህ አልልህም።" ከዚያ የመጣችበትን ጉዳይ ተናገረች። ከሐዘኑ ወዲህ ወንድሟን አነጋግራ አታውቅም። ሰይድ በየቀኑ ይደውላል፣ አታነሳም። "ከአሥር ቀን በላይ በራሱ አፍ ዘመድ ልትጠይቅ ሄደች አለኝ። ሌላው ቢዋሽ አይደንቀኝም። እሱን አላምነውም ከእንግዲህ። ድምፁንም መስማት አልፈልግም።" መጽሐፉን በጣቷ ነካ አደረገችው። "ይህችን የጻፈችው ሴት ማናት? ማን ነገራት? የኛን ቤት ያየች ነው የምትመስለው። እሱን ነው ማወቅ የምፈልገው።"

እኔም ማወቅ ፈለግኩ። መጽሐፉ ሲከፈል የመጀመሪያዎቹን ገጾች አንጥልም፤ እዚያ ላይ ካርቱም ላለች እህት መታሰቢያ ይሁን የሚል ነበረበት። የካርቱም ሐበሻ እርስ በርሱ አይጠፋፋም። ደንበኛ በመጣ ቁጥር መጠየቅ ጀመርኩ። በአምስተኛው ወር እህትየዋን አገኘኋት፤ ደራሲዋም ለልጄ ሰርግ ልትመጣ ነው አለችኝ። ሰርጉ ካለፈ በኋላ ባለው ዓርብ ደራሲዋን ወደ ዱካናችን እንድትልክልን ለመንኳት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ባለ ጃንጥላዋን እመክራለሁ። ካገኛችኋት ሳትቆርጡ፣ ከቤተሰባችሁ ጋር በተነጋገራችሁ ማግስት አንብቧት።

ደራሲዋ ጸጉራቸውን በሻሽ ያሰሩ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሴት ናቸው። ዘሀራ ቀድማ መጥታ ጥግ ላይ ተቀምጣ ነበር። አራቱን ክፍሎች ሳሳያቸው ዓይናቸው ፈጠጠ።

"ማነው እንዲህ የቆራረጣት?"

"እኔ ነኝ" አሉ ጋሽ ደጀኔ። "ለአራት ሰው እንድትደርስ ብዬ ነው። ጥፋት ከሆነ ይቅር ይበሉኝ።"

ደራሲዋ ስፌቱን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። አራተኛውን አነሱ። ጠርዙ ጠቁሯል፣ ዘይት ነክቶታል፣ አንዱ ገጽ ላይ የጣት አሻራ በዱቄት ደርቋል።

"ማን ነገረዎት?" አለች ዘሀራ፣ ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም። "ስለ ክኒኑ። ስለ ስልኩ። ሴትየዋን ያውቋታል?"

ደራሲዋ ዞረው አዩዋትና ከአጠገቧ ተቀመጡ። "ማንም አልነገረኝም፣ ልጄ። የሴትየዋን ነገር አላውቅም። እኔ ዋሺዋ ነኝ። አባታችን ሲያርፍ እህቴ እዚህ ነበረች። ሦስት ሳምንት በስልክ የዋሸኋት እኔ ነኝ።"

ዘሀራ ፊቷ ጠቆረ። "ሲዋሹ ምን ይሉ ነበር በሆድዎ? ቀለለዎት?"

"ስልኩን የማነሳው ቆሜ ነበር" አሉ ደራሲዋ። "ከተቀመጥኩ አለቅሳለሁ። ቤቱ ሁሉ አለቀሰ፣ ጎረቤት አለቀሰ። እኔ ግን የምትደውለው ለእኔ ስለሆነ፣ ድምፄ ሻክሮ እንዳታውቅብኝ ብዬ አላለቀስኩም። አባቴ ሲቀበር አላለቀስኩም። ሰዉ ጨካኝ አለኝ። እሷ እስክትሰማ ሦስት ሳምንት ጠበቅኩ። ከዚያ በኋላ እንባው እንደ ድሮው አልመጣልኝም።"

"ይህ በመጽሐፉ ውስጥ የለም" አልኩ፤ አፌ አመለጠኝ።

"የለም" አሉ። "እሱን ለመጻፍ አፈርኩ። በሷ በኩል ያለውን ጻፍኩት።"

ዘሀራ እጇ ውስጥ የሻርፗን ጫፍ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች። "ሰይድ" አለች በመጨረሻ፣ ለራሷ የምትናገር ይመስል፤ "በስምንተኛው ቀን ድምፁ ጎርንኖብኝ ምን ሆነህ ነው ስለው ጉንፋን ነው አለኝ። ከዚያ ስልኩን ለሚስቱ ሰጣት።"

ዘሀራ ስልኳን አወጣች። ጋሽ ደጀኔ ተነስተው የፎቶ ኮፒ ማሽኑን አጠፉት፤ በር ላይ ወረቀት ይዞ ለቆመው ሰው በእጃቸው ቆይ አሉት። ስልኩ ረጅም ጊዜ ጠራ።

"ሐሎ፣ ሰይዶ" አለች። "እኔ ነኝ... አትማል፣ ማን ማል አለህ... ቆይ፣ አትቸኩል፣ ካርድ ሞልቻለሁ። ቆመሃል? ተቀመጥ መጀመሪያ። ተቀመጥክ? በል አሁን እንዴት እንደነበረች ከመጀመሪያው ቀን ጀምረህ ንገረኝ። ማልቀስም ከፈለግክ አልቅስ፣ እኔ እሰማለሁ።"